የማንኪያ እንግሊዝኛ

«ልጅቷ ጠዋት የበላችው ረጋላት ወይስ አስመለሳት?»

ጥያቄው ይኸው ነበር፤ ከዚህ የረቀቀ ነገር አልነበረበትም። እናትየው ግን ያን ጊዜ መመለስ አልቻለችም። መልሱን ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ አልነበረም። ቁርሱን በማንኪያ ጫፍ እየቆነጠረች ያጎረሰቻት እሷ፣ ሲመለስ በመዳፏ የተቀበለችው እሷ፣ የልጅቷን ቀሚስ ቀይራ የራሷን እጅጌ በችኮላ አለቅልቃ እርጥቡን ለብሳ የመጣችውም እሷ ናት። ጥያቄው ግን የመጣው በእንግሊዝኛ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣችው ነርስ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ ደግና ትጠብቃለች። 

እንግሊዝኛ ሳትማር ቀርታ አይደለም። እንዲያውም ከክፍሏ አንደኛ ነበረች።

ሴትዮዋ የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ የሆቴልና የሐኪም ቤት አንሶላ ትተኩሳለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ምናልባት» ይሏታል። ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነውና፤ ምናልባት መብራት ይጠፋ ይሆናል፣ ምናልባት ካውያው ያቃጥል ይሆናል፣ ምናልባት ልጄን ትኩሳት ይዟት ይሆናል። ጠዋት በበሩ ስትገባ አንዷ፣ «ምናልባት መጣች! ጃንጥላ ያላችሁ ዘርጉ!» ትላለች። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ስቃ ሳትጨርስ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች።

የልጇ ነገር ግን በምናልባት የሚታለፍ አልነበረም። ልጅቷን ከቅጥነቷ የተነሳ ጭራሮ ይሏታል። ልቧ ላይ ክፍተት አለ። ትንሽ ደረጃ ከወጣች ከንፈሯ ይጠቁራል። አባቷ ገና ጡት ሳትጥል ሞቶባታል። ሐኪሞቹ «ይህ እዚህ አይሠራም» ካሉ በኋላ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት እንዲህ ያሉ ልጆችን ባሕር ማዶ ወስዶ በነፃ እንደሚያሳክም ተሰማ። ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያም ሰው እንግሊዝኛ መናገር አለበት። እዚያ አስተርጓሚ የለም፤ ልጅቷ ክፉ ሰዓት ሲመጣባት ምን እንደሆነች ለነርሶቹ የሚነግር አፍ ያስፈልጋል።

«አፍ ከሆነ የሚፈልጉት» አለች እናትየው፣ «አፍ አወጣለሁ።»

የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው ከሥራ መልስ፣ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ ጉልበት ከጠረጴዛው በላይ ይቀራል። በራሷ ቋንቋ ማንበብ የጀመረችውም እዚሁ ነው፤ የልጅቷን የመድኃኒት ጠርሙስ ለጎረቤት ማስነበብ ሲታክታት። መጽሐፍ የሚባል ነገር ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፦ በግራ ገጹ በአገሩ ቋንቋ፣ በቀኝ ገጹ በእንግሊዝኛ የታተመ ቅዱስ መጽሐፍ። አንድ መንገደኛ በካርቶን ትቶት የሄደ ነው። መምህሩም ጡረታ የወጡ ሰባኪ ናቸው።

መጽሐፉ ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ይመስል ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በጆሮዋ ጠጥታ በቃሏ ይዛዋለች። የግራውን ገጽ ገና ሳታነበው ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ጣቷን ወደ ቀኝ ማሻገር ብቻ ነው የሚቀራት። ቢሆልድ ማለት እነሆ ነው። ዊልደርነስ ምድረ በዳ ነው። አፍሊክሽን መከራ፣ መርሲ ምሕረት። ሌሎቹ አንዲት ቃል ሲያላምጡ አምሽተው ሲተፏት እሷ ገጽ ትገለብጣለች። አንሶላ ስትተኩስ ከእንፋሎቱ ጋር «ኮቨናንት፣ ኮቨናንት» እያለች ትተነፍሳለች፤ ቃል ኪዳን ማለቷ ነው። «ኧረ ምናልባት ትንቢት ጀመረች!» ይላሉ ጓደኞቿ።

አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጠው ዘበኛ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ማንኪያ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ርቦት ነው!» አለ አንዱ። እናትየውም ከልቧ ሳቀች።

መምህሩ እጃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማንኪያን እጅህ ያውቀዋል፣ ልጄ። አንተ ትልልቆቹን ቃላት ያዝ። ትንንሾቹ ተከትለው ይመጣሉ።»

«እነሱ እስኪመጡ ሾርባዬን በምን ልጠጣው?» አለ ዘበኛው። እንደገና ተሳቀ፤ ትምህርቱም ቀጠለ።

የጭራሮ አክስት፣ የሟች አባቷ ታላቅ እህት፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ አልጋ አንጣፊ ናት። የክፍል ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። እንግሊዝኛዋን የለቀመችው ከእንግዶቹ አፍ ነው፤ አልጋ ሥር የወደቀ አዝራር እንደሚለቀም።

«ነይ ላስተምርሽ» አለቻት አንድ እሑድ፣ የልጅቷን ፀጉር እየሠራች። «ታወል ፎጣ ነው። ብሬክፋስት ቁርስ። ቶይሌት ብሮክን ካሉሽ ሽንት ቤቱ ተበላሽቷል ማለታቸው ነው። እኔ በዚህ ነው ዕድሜዬን የገፋሁት።»

«እትዬ ደግሞ! ሐኪም ፊት ቆሜ ስለ ሽንት ቤት ላወራ ነው?»

«ታዲያ ሐኪም ስለ ምን የሚጠይቅሽ መሰለሽ? ስለ መንግሥተ ሰማያት?»

«ለልጄ ስል ያማረውን ቃል ይዤ ነው የምቀርበው።»

«እሱስ ያምራል! እንግዲህ እንግዳው ፎጣ ሲለኝ ‹እነሆ ፎጣ› ብዬ ልንበርከክለታ!»

ጭራሮ ፍርስ ብላ ሳቀች፤ ሳቋም ወደ ሳል ዞረ። ሁለቱ ሴቶች ቀጥ አሉ። ልጅቷ ደረቷን ይዛ «ዶሮዋ መጣች» አለች። ልቧ እግሯን እንደታሰረች ዶሮ ሲራገብባት የምትለው ነው። እናትየው ማበጠሪያውን ከአክስትየው እጅ ነጥቃ ወረወረች፤ ልጅቷን ቀና አድርጋ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ጀርባዋን በክብ በክብ አሸችላት። አክስትየው የፀጉር መሥሪያ ክሯን ይዛ ቆማ ቀረች። ምን እንደሚደረግ አታውቅም ነበር።

የድርጅቱ ነርስ አብሮ የሚሄደውን ሰው በእንግሊዝኛ የምትፈትንበት ቀን የደረሰው እናትየው ከመጽሐፉ ከግማሽ በላይ ከተሻገረች በኋላ ነው። የጤና ጣቢያው ክፍል ጠባብ ነው፤ ሚዛን፣ አልጋ፣ የተላጠ ጠረጴዛ። አክስትየው ልጅቷን ታቅፋ ግድግዳ ሥር ተቀመጠች፤ የመጣችው ለመያዝ ብቻ ነው። ድርጅቱ እዚህ የቀጠረው አስተርጓሚ ስለ ጉዞው ካስረዳ በኋላ «ከዚህ ወዲያ እናንተው ናችሁ» ብሎ ወጣ፤ በሩን ዘጋው።

ነርሷ የልጅቷን ስም ጠየቀች። ኔም የሚለውን ታውቀዋለች፤ መለሰች። የወለደቻት እሷ እንደሆነች ጠየቀቻት፤ ያንንም መለሰች። ልቧ ቀና አለ። ቀጥሎ ያ የቁርሱ ጥያቄ መጣ።

ከመካከሉ «ሞርኒንግ» የሚለውን ያዘች፤ ማለዳ ነው። የቀረው በጆሮዋ ሥር አለፈ። ነርሷ በዝግታ ደገመችላት። በእጅ ምልክት መርዳት አልተፈቀደላትምና እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አጣጥፋ ነው የምትናገረው። እናትየው ያን ሁሉ ገጽ በልቧ ገለበጠችው። ምድረ በዳውን አለፈች፣ ቃል ኪዳኑን አለፈች፣ እነሆውን አለፈች። እርጥብ እጅጌዋ ክንዷ ላይ ቀዝቅዟል።

«ማይ ዶተር» አለች በመጨረሻ፤ ልጄ። «አፍሊክሽን። ግሬት አፍሊክሽን።» ነርሷ ሳትጽፍ ስትቀር «መርሲ» ብላ ጨመረች።

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዓይኗ እርጥብ ነበር። ቃሉ ገብቷታል። ወረቀቱ ላይ ግን የሚሰፍር ነገር አልነበረም፤ ልጅቷ ምን ያህል እንደበላች፣ መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ ቀርቶ እንደሆነ፣ «ታላቅ መከራ» ከሚለው ውስጥ አይወጣም። ሥራዋ ነውና ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀች።

«ብሬድ፣ ሊትል» የሚል ድምፅ ከግድግዳው ሥር መጣ። «ሚልክ፣ ሃፍ ካፕ። አፍተር፣ ኦል አውት። ሜዲስን ኦልሶ አውት።»

ዳቦ፣ ጥቂት። ወተት፣ ግማሽ ኩባያ። ከዚያ ሁሉም ወጣ፤ መድኃኒቱም ጭምር። ነርሷ ወደ አክስትየው ዞረች፤ እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ጻፈች።

እናትየው ያ መልስ የራሷ እንደሆነ ወዲያው አወቀች። ታክሲ ውስጥ በአክስትየው ጆሮ የነገረቻት እሷ ናት። ይባስ ብሎ ዳቦና ወተት በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱንም ቃላት ታውቃቸው ነበር። ግን እዚያ ወተት ከማር ጋር በተስፋይቱ ምድር የሚፈስ እንጂ ልጅ የሚያስመልሳት ነገር አልነበረም። እዚህ ክፍል ውስጥ ይፈለጋል ብላ አላሰበችም።

ነርሷ ከዚያ በኋላ የጠየቀችው ሁሉ ወደ ግድግዳው ነበር።

«እኔ እኮ ዝም ብላ ስታይሽ ጊዜ ጨንቆኝ ነው» አለች አክስትየው ውጭ፣ አግዳሚው ላይ። «በልጅቷ አልኩሽ፣ ልቀማሽ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ተቆጪኝ እንጂ! እንዲህ ስትሆኚ ነው የምፈራሽ።»

ተመልሶ ነርሷ ዘንድ ገብቶ የነበረው አስተርጓሚ ወጣ። ፊቱን ሲያዩት ሁለቱም ተነሱ። «አክስቷ እንድትሄድ ነው የወሰኑት» አለ።

«ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» አለች እናትየው። «ፊደል የማላውቅ ሰው ነበርኩ፣ ያን ሁሉ ተማርኩት። ምናልባት ጥቂት ሳምንት ባገኝ...»

«እህቴ፣ አልጋው ተይዟል። ልጅቷም ሳምንት የሚጠብቅ ልብ የላትም።»

በማግሥቱ ወደ መጋዘኑ ሄደች። ልትቆጣ አስባ ነበር። መምህሩን ሰሌዳ ሲያጠፉ አገኘቻቸው።

«መምህር፣ ትንንሾቹ አልመጡልኝም» አለቻቸው።

ነገሩን ዘርዝራ ስትጨርስ ሽማግሌው ከሕፃናቱ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

«አሁኑኑ ያስተምሩኝ። ማስመለስ ምን ይባላል? ብርድ ብርድ አላት ምን ይባላል? ማንኪያስ?»

«ልጄ» አሉ፣ ድምፃቸው ተሰብሮ፣ «እኔም ከመጽሐፉ ውጪ አላውቅም። እንግሊዝኛ ከሚናገር ሰው ጋር አንድ ገበታ ቀርቤ አላውቅም። ያን ቀን ዘበኛው ሲጠይቀኝ መልሱ ጠፍቶኝ ነው።»

ቁጣዋን ፈለገችው፤ የለም። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ጠመኔ አንስታ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችላቸውና ወጣች።

ከዚያ እስከ ጉዞው ድረስ አስተማሪዋ እናትየው፣ ተማሪዋ አክስትየው ሆኑ።

«ዶሮዋ መጣች ካለችሽ?»

«ቀና አደርጋታለሁ። በጀርባዋ አላስተኛትም። ስንቴ ልበልልሽ?»

«ጀርባዋንስ?»

«በክብ በክብ አሻለሁ። ሴትዮ፣ እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ!»

«ዝም ብላ ግድግዳ ግድግዳ ካየችስ?»

አክስትየው አፏን ከፈተች፤ ወደ ልጅቷ አየች፤ ወደ እናትየው አየች። ትናንት ተነግሯታል፣ ከትናንት ወዲያም ተነግሯታል።

«...ውሃ እሰጣታለሁ?»

«ነርስ ትጠሪያለሽ፣ እትዬ! ነርስ! ውሃ አይደለም፤ ዝም ስትል ነው የሚብስባት!»

«ቀልዴን እኮ ነው» አለች አክስትየው። አልቀለደችም፤ ጠፍቷት ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

የመሄጃው ቀን ከመስታወቱ በር ወዲያ መንገደኛ ብቻ ነው የሚገባው። እናትየው ራሷ የተኮሰችውን ቀሚስ ልጅቷ ላይ አስተካከለች፣ አንዴ፣ ደግማ። ጭራሮ በአክስቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን ዘርግታ የእናቷን ጆሮ ያዘች።

«እማ፣ ‹እናቴን ጥሩልኝ› በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው?»

ይኸኛውን ታውቀዋለች። ሁሉም ቃላት በመጽሐፉ ውስጥ አሉ።

«ኮል ማይ ማዘር» አለቻት።

«ኮል ማይ ማዘር» አለች ልጅቷ። «ኮል ማይ ማዘር። ያዝኩት፣ እማ!»

«ጎበዝ የእኔ ልጅ።»

አክስትየው ፊቷን አዞረች። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ልጅቷ ከመስታወቱ ወዲያ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ይታያል፤ ትምህርቷን እያጠናች ነው። እናትየው ያስተማረቻት ምን እንደሆነ የገባት ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ እዚያ አልጋዋ ላይ ሆና ይህንኑ ጥርት አድርጋ ትላለች፤ ነርሶቹም በደንብ ይገባቸዋል፤ ሮጠው ሄደው ግን አክስቷን ነው የሚያመጡላት።

መስታወቱን በመዳፏ መታችው። «ትቼዋለሁ! ሌላ ልንገርሽ!» ስትል ጥበቃው ክንዷን ይዞ፣ ሳይቆጣ፣ ወደ ኋላ መለሳት። ጭራሮ ጨዋታ መስሏት እጇን አወዛወዘችላት።

ጭራሮና አክስቷ ሄዱ። እናትየው ቀረች።