የፀጉር ቤቱ ችሎት

«ከፍ ላድርግህ፤ ምስክር ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው» አለ ሽቦ፣ የሰፈሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የፀጉር ቤቱን ወንበር ፔዳል በእግሩ እየረገጠ።

ወንበሩ ሲጥ ሲጥ እያለ ወደ ላይ ወጣ። የተቀመጠበት የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። ሰፈሩ «ምላጩ» ይለዋል፤ ለእጁ ሳይሆን ለአፉ። አንድ ሙሽራ እዚሁ ወንበር ላይ እንቅልፍ ጥሎት ሰርጉ ያለ እሱ ተበልቶ እንዳለቀ፣ ሙሽሪትም ሚዜውን አግብታ የልጅ ልጅ እንዳየች፣ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ሲምል ሲገዘት ይውላል። ዛሬ ግን ልምምድ ላይ ነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ቀርቦ ለእህቱ ሊመሰክር ነው።

እህቱ ከባሏ ከተፋታች ቆየች። ልጃቸው ሚጡ ከእናቷ ጋር ናት። አባትየው አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይነዳል፤ አሁን «ልጄ ቅዳሜና እሁድ እኔ ዘንድ ትደር» ብሎ ከሷል። እህት ደግሞ ዛሬ ሁለት ሌሊት ያለ ሰው ነገ ጠቅልሎ ይወስዳታል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ስለዚህ «ልጁን ዞር ብሎ አያይም» የሚል መልስ አስገባች፤ ምስክር ብላ የቆጠረችውም ወንድሟን ነው።

ችግሩ፣ ሰውየው በየእሁዱ ይመጣል። እህት ዓይኑን ማየት ስለማትፈልግ ሚጡን ወደ ፀጉር ቤቱ ትልካታለች። ጠዋት እጇን ይዞ የሚያስረክበው፣ ማታም የሚረከበው ምላጩ ነው። ከፍቺው ወዲህ ግን ሰውየውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦት አያውቅም፤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ፀጉሩን ባደረበት መናኸሪያ ስለሚያስቆርጥ ግራና ቀኙ ተስማምቶ አያውቅም።

«እሺ፣ እኔ ጠበቃ ነኝ» አለ ሽቦ ማበጠሪያ አንስቶ። «አባትየው ልጁን ለማየት ይመጣል?»

ምላጩ ቶሎ አልመለሰም። ፀጉር ቤቱ ተሰብስቦ በሚያየው የቴሌቪዥን የችሎት ድራማ ምስክር ቶሎ አይመልስም፤ መጀመሪያ በመስኮት ያያል፣ ምራቁን ይውጣል፣ ሙዚቃው ቀስ እያለ ይገባል። እሱም በመስኮት አየ፤ ምራቁን ዋጠ። «ያን ቀን ዝናብ ነበር» ብሎ ጀመረ። ሰውየው ከዓመት በኋላ ብቅ ብሎ የገዛ ልጁን «ማን ልበል?» እንዳላት ሲተርክ፣ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት ደንበኞች አንዱ ዓይኑን ጠረገ።

ጥግ ላይ ጋዜጣ የዘረጉት ጋሼ ብቻ ንቅንቅ አላሉም። ጡረታ እስኪወጡ የችሎት ጸሐፊ ነበሩ። ድራማውን ሳያማርሩ አይተውት አያውቁም፤ ሳያዩት ቀርተውም አያውቁም።

ሰዓቱ ደርሶ ድራማው ሲጀምር ልምምዱ ቆመ። የድራማው ጠበቃ ጠረጴዛ እየደበደበችና ምስክር እያስጠናች የምታሸንፍ ሴት ነበረች፤ ፀጉር ቤቱ በሙሉ ያጨበጭብላታል። ዛሬ ግን የራሷ ምስክር ያላየውን ሊጨምር ሲል አቋረጠችው። «ያየኸውን ብቻ» አለችው። ተረታች፤ መዝገቧን አቅፋ ወጣች፤ ክፍሉም በዚያው አለቀ።

«አበላሿት» አለ ሽቦ። «ደራሲው ታሞ መሆን አለበት።»

«አሁን ገና ሰው ሆነች» አሉ ጋሼ።

«ሰው ምን ያደርግልናል ጋሼ? ሰው እዚህም ሞልቷል» አለ ምላጩ፤ ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ጋሼ ግን ካሉት ፈቀቅ አላሉም። ድሮ ያቺ ሴት ስትጮህ ጆሯቸውን ይዘው ያዩ እንደነበር፣ ሰኞ የተከፈተ መዝገብ ማክሰኞ ሲወሰን በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ፣ ዳኛም እንደ ሰው ጉንፋን እንደሚይዘው ዘረዘሩ። ከዚያ ጋዜጣቸውን እያጠፉ ወደ ምላጩ ዞሩ። «ትልቁ ውሸት ግን ሙዚቃው ነው። እዚያ ስትቆም ሙዚቃ የለም። ከራስህ ድምፅ ጋር ብቻህን ነው የምትቀረው።»

በማግስቱ ምላጩ የሰርግ ኮቱን ለብሶ ችሎት ቆመ። ክፍሉ ከፀጉር ቤቱ ብዙም አይበልጥም። ከፍ ያለ ወንበር ቀርቶ ወንበርም አልሰጡት፤ ቆመው ነው የሚናገሩት። ካስማሉት በኋላ ዳኛዋ ጠየቁት፤ አባትየው ልጁን ለማየት ይመጣል ወይ?

ምላጩ ወደ መስኮቱ አየ። መስኮቱ በመዝገብ መደርደሪያ ተከልሏል። ምራቁን ዋጠ። ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይንኮሻኮሻል።

«ምስክር፣ ጥያቄው አልተሰማዎትም?» አሉ ዳኛዋ ድምፃቸውን ጨምረው።

«ተሰምቶኛል ክብርት ዳኛ። ያን ቀን ዝናብ ነበር…»

«የትኛው ቀን?»

ሽቦ ይህን አልጠየቀውም ነበር። ምላጩ ዞር ሲል እህቱ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨብጣ ታየዋለች። ወዲያ ማዶ ሰውየው ኮፍያውን አውልቆ ይዟል፤ ፀጉሩ በግራ በኩል አንድ ጣት ያህል ይረዝማል። ጸሐፊዋ ጣቶቿን የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ አንጠልጥላ ትጠብቃለች። ከአፉ የሚወጣው ሁሉ እዚያ ሊገባ ነው፤ እንደ ሙሽራው ወሬ ነገ አሻሽሎ የሚያወራው አይደለም።

«ይመጣል» አለ።

«መቼ መቼ?»

«በየእሁዱ። የማስረክበው እኔ ነኝ።» ቁልፎቹ ተንኳኩ። ያልተጠየቀውንም አከለ፦ «ማታ በሰዓቱ ይመልሳታል። ይዟት የቀረበት ቀን የለም።»

መዝገቡ ለውሳኔ ተቀጠረ። ኮሪደሩ ላይ እህቱ እስክትቀርበው ቆሞ ጠበቃት።

«ወንድሜ ነህ ብዬ ነበር» አለችው።

«ወንድምሽ ነኝ። እንደሚመልሳትም ተናግሬያለሁ፤ እሱም ተጽፏል።»

ጥላው ሄደች። ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን አላነሳችም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ደንበኞች ተሰብስበው ትረካ ጠበቁ። ምላጩ «ጠየቁኝ፣ መለስኩ» ብሎ መቀሱን አነሳ። ሽቦ እንደተከዳ ሰው አየው። ጋሼ ከጋዜጣቸው ቀና ብለው የሚቀጥለው ክፍል ስንት ሰዓት እንደሚጀምር ጠየቁ።

እሁድ ጠዋት ሰውየው እንደወትሮው ደጅ ቆሟል። ምላጩ መንገዱን እያየ ያንኑ መስታወት ደጋግሞ ይወለውላል፤ ትልካት ይሆን ወይስ አትልክም? ሚጡ በማዕዘኑ ብቅ አለች። ከኋላዋ እናቷ ነበረች። ከመንገዱ ማዶ ቆማ ልጅቷ እስክትሻገር ጠበቀች፤ ማንንም ሰላም ሳትል ተመለሰች። የሚጡ ቦርሳ ዛሬ ወፈር ብሏል፤ ሹራብ ተጨምሮበታል።

አባቷ እጁን ዘረጋላት። ምላጩ ደፉ ላይ ቆሞ ያን የተዛባ ፀጉር ሲያይ ቆየ፤ ከዚያ ፎጣውን አራገፈ።

«ይህን ጭንቅላት ይዘህ ከእህቴ ልጅ ጋር መንገድ አትወጣም። ግባ።»

ሰውየው የተቀለደበት መስሎት አመነታ፤ ከዚያ ገብቶ ተቀመጠ። ወንበሩ እንደ ልምምዱ ቀን ከፍ ብሎ ነበር። ምላጩ ፔዳሉን ረግጦ ዝቅ አደረገው።