ቅል ገንዘብ የሆነበት ዓመት

አሊስማ ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ረግመን እንገላገለው ነበር። ችግሩ ደህና ሰው መሆኑ ነው፤ ያውም ደህናነቴን ሰው ይመስክርልኝ እያለ የሚጨነቅ ደህና ሰው። እንዲህ ያለውን እግዜር ይጠብቀው እንጂ ምን ይባላል?

ያኔ ፈረንሳዮቹ ከሄይቲ ተጠራርገው ከወጡ ገና ጥቂት ዓመት ነው። ነጻነቱ መጣ፤ ገንዘብ ግን አብሮት አልመጣም። በመንደራችን በዶንዶን ገበያ ቡናውን ለጨው፣ ዶሮውን ለጨርቅ መለዋወጥ ነበር ሥራችን። የስፔን ብር ያለው ሰው ደግሞ ብሩን ቀብሮ፣ ከሁላችንም በላይ ደህይቻለሁ እያለ ይምላል። በዚህ መሃል ከመንግሥቱ መቀመጫ ከካፕ ከተማ አዋጅ ወረደ፦ በሰሜኑ አገር ያለ ቅል ሁሉ፣ በዛፍ የተንጠለጠለውም በቤት የተቀመጠውም፣ ከዛሬ ጀምሮ የመንግሥት ነው!

መጀመሪያ የሳቅነው ሳቅ! “ምነው፣ መንግሥት ሾርባ አማረው እንዴ?” አለች ዓሣ ሻጯ ቶኒን፤ አፏ ማረፍ አያውቅም። በኋላ ግን ሳቁ ጭንቀት ሆነብን። በኛ አገር ቅል የዛፍ ፍሬ ነው፤ ሳህናችን ነው፤ ጭልፋችን፣ ውሃ መቅጃችን ነው። ቅል የሌለው ቤት ምሳውን በመዳፉ ይዞ ይበላል።

ለወረዳችን ሰብሳቢ ሆኖ የታዘዘው የራሳችን ሰው፣ አሥር አለቃ አሊስማ ነበር። አለቃው ሻምበል ኤስቲም ጠርቶ አስረዳው።

“ስማኝ፣ ገንዘብ የለንም አይደል? ቅል ደግሞ የማይፈልግ ሰው የለም። እንሰበስበዋለን። ቡናው ሲደርስ ገበሬው ቡናውን ያስረክብና ቅል ይወስዳል። ቡናውን ለእንግሊዝ መርከብ እንሸጣለን፤ በምናገኘው ብር የራሳችንን ገንዘብ እናሠራለን።”

“ታዲያ ገበሬው የገዛ ቅሉን መልሶ ሊገዛ ነው?”

“አንተ ደግሞ! አገር በምን የሚቆም መስሎሃል?”

አሊስማ አመነ። ከልቡ ነው ያመነው፤ በዚህስ አልወቅሰውም። የባዕድ ንጉሥ ፊት የሌለበት ገንዘብ በእጁ ሊይዝ ጓጓ። ደሙን ያፈሰሰው ለዚህ አልነበረም?

ከመንግሥት በተሰጡት በቅሎዎች ቤት ለቤት ዞረ። ደግሞም አዋጁ ሳይለው፣ በየቤቱ አንዳንድ ቅል እየተወ አለፈ። “ሰው ታዲያ በምን ውሃ ይጠጣ?” ይላል። አሮጊቶች መረቁት። ምርቃቱም ደስ አለው፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ደረቱ ነፋ ነፋ አለ። ቶኒን ግን ከኋላ ከኋላ እየተከተለች ነገር ትጭራለች።

“ይሄ ሁሉ ቅል መልቀም ለኛ ብቻ ነው! የእህቱ ደጅ ሲደርስ እናየዋለን። የሜርሲሊያ ጣሪያ እኮ በቅል ብዛት ሊወድቅ ነው!”

ሰው ሁሉ ሳቀ። የአሊስማ ጆሮው ጋለ።

ሜርሲሊያ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው። ከቤቷ ጓሮ አንድ የቅል ዛፍ አለ። አንድያ ልጇ ዴሪቫል የተወለደ ዕለት፣ ዛፉ ገና ሊያፈራ ሲል፣ እትብቱን ከሥሩ የቀበረችበት ነው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ዛፍ የልጁ ነው፤ ፍሬውም የልጁ። ዴሪቫል በመጨረሻው ጦርነት ወድቆ ቀረ። ሬሳውን ያገኘ የለም፤ መቃብርም የለውም። የቀረላት ነገር ቢኖር ከዛፉ የመጀመሪያ ፍሬ የተሠራችው ቅል ናት። ቁጭ ማለት ከቻለበት ቀን አንስቶ እስኪዘምት ድረስ የበላው በሷ ነው፤ ጥርስ ሲያበቅል ጠርዟን ነክሶ ነክሶ ሸራርፏታል። ሙታን በየዓመቱ በሚታሰቡበት በሙታን ቀን እናቱ ጨው የሌለበት ምግብ ሠርታ በዚያች ቅል ታቀርብለት ነበር። ሙታን ጨው አይበሉም።

አሊስማ ሲደርስ ሜርሲሊያ ያላትን ቅል ሁሉ ራሷ አውጥታ ግቢ ውስጥ ከምራዋለች። አንዲቷን ብቻ ብብቷ ሥር ይዛለች።

“ለየቤቱ አንዳንድ እየተውክ ነው ሲሉ ሰማሁ፣ ወንድምዬ። የኔ ይቺ ናት።”

አሊስማ ዘወር አለ። ቶኒን አጥሩን ተደግፋ ቆማለች፤ ግማሹ መንደር ከኋላዋ።

“ከዚህ ቤት አንድም አይቀርም” አለ።

“ምን አልክ?”

“ለእህቱ አዳላ እንዲሉኝ ነው የምትፈልጊው?”

“ለጎረቤቴ የተውከውን ለኔ ብትተው አድልዎ ነው እንዴ? ወንድምዬ፣ የዴሪቫል ናት እኮ።”

በእውነት የተረታ ሰው ይቆጣል። እጁን ሰዶ ቅሏን ከብብቷ መነጨቀ። ሜርሲሊያ አልታገለችውም። ዕድሜዋን ሙሉ ለዚህ ልጅ ካፏ እየነጠቀች ስትሰጥ የኖረች ሴት፣ መከልከል ከየት ትማር?

ያን ጊዜ ቶኒን ራሷ ጮኸች። “ኧረ በማርያም! እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያልኩት! አሊስማ፣ መልስላት እንጂ!”

መንደሩ ሁሉ “መልስላት” አለ። እሱ ግን አንዴ ተናግሮ እንዴት ይመለስ? ቅሏን በቅሎው ላይ ካለው ጆንያ ውስጥ ወርውሮ ሄደ።

የሚያናድደው፣ ነገሩ ሠመረ። ቡናው ደረሰ፣ ቅሉ ወጣ፣ መርከቦቹ መጡ። ብሩም ተገኘ፤ የራሳችን ገንዘብ ተሠራና ስሙም ቅል ተባለ። አሊስማ ደመወዙን በአዲሱ ገንዘብ ተቀብሎ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። ደስታው የት እንደገባ እንጃ። እህቱ በመንገድ ስታገኘው ጤናውን ትጠይቀዋለች፣ ትስቅለታለች፤ እሱ ነው አንገቱን የሚደፋው። ብትሰድበኝ ምናለ፣ ይል ነበር።

የሙታን ቀን ሲቃረብ አላስችለው አለ። ካፕ ወርዶ የመንግሥቱ መጋዘን ገባ። ከቡናው የተረፈው ብቻ ቅል በቅል ላይ ተከምሮ ጣሪያ ነክቷል።

“ጠርዟ የተሸራረፈ ናት፤ የሕፃን ጥርስ ያረፈባት” አለው ለመጋዘኑ ሹም።

ሹሙ ከት ብሎ ሳቀ። “አይ አሥር አለቃ! ምናልባት ያንተዋን አንዱ በቡና ወስዷት ይሆናል። ደግሞስ ቅል ከቅል ምን ይለየዋል? ገንዘብ አይደል? ገንዘብ የዚህ የዚያ አይባልም። አንዱን አንሳና ሂድ።”

ቀኑን ሙሉ ፈለገ። እጁ ቆሰለ፣ አቧራው ጉሮሮውን ዘጋው፤ የለችም። ሲመሽበት መጠኗ የምትመሳሰል፣ በአገልግሎት ብዛት የጠቆረች አንዲት ቅል መረጠ። መንገድ ላይ ተቀምጦ በቢላው ጫፍ ጠርዟን ሸራረፋት። እያለቀሰ ነው የሸራረፋት።

“አገኘኋት” አለ ለእህቱ።

ሜርሲሊያ ተቀበለችው። በቀሚሷ ጫፍ ወለወለቻት፤ ጠርዟን በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ዞረችው።

“ደከመህ አይደል፣ ወንድምዬ?” አለችና ወደ ማጀት ገባች።

አመነችኝ ብሎ ተነፈሰ።

በማግስቱ፣ በሙታን ቀን፣ ሙዙንም ዶሮውንም ያለ ጨው ቀቀለች። በቅሏ ሞልታ ከዛፉ ሥር አስቀመጠችና ተንበረከከች። አሊስማ ባርኔጣውን አውልቆ ከኋላዋ ቆመ። ሜርሲሊያ መሬቱን በእጇ ዳሰስ አድርጋ መናገር ጀመረች፤ የልጇን ስም ግን አልጠራችም።

“የማን ልጅ እንደሆንክ አላውቅም፣ ልጄ። እናትህ ዛሬ ባዶ እጇን ቆማ ይሆናል። ቅልህን በቢላ የነካካብህ ወንድሜ ነው፤ ጨንቆት ነው፣ አትቀየመው። ብላ፣ አትፈር። የኔም ልጅ ቅል ዛሬ አንዷ ሴት እጅ ላይ ትኖራለች። እሷም እንዲህ ብላ ታብላልኝ።”

አሊስማ አፈር ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሷ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

“ና፣ ያንተ ምሳ ማጀት ውስጥ ነው ያለው” አለችው። “ጨው አለበት።”