የወጪ ቁጥር 212

ሽማግሌው ሚንቾ ወንፊቱን ዝላትካ ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት። የሞቱ ንቦች እየተንኮሻኮሹ በማህተሙና በስልኩ መካከል ተከመሩ። አንዳንዶቹ ገና እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ቁጠሪያቸው» አሉ።

ዝላትካ ወንበሯን ወደኋላ ገፋች። «ጋሽ ሚንቾ፣ ምን ጉድ ነው ይሄ?»

«ከሠላሳ ስምንት ቀፎ ደጃፍ ሁለት ሁለት እፍኝ ያፈስኩት ነው። የቀረው እዚያው ሣሩ ላይ ነው። ገበሬው ዶብሪን ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጎመን ዘሩን መድኃኒት ረጭቶታል። አበባው ላይ፣ ንቦቼ ገና እየወጡ ሳለ። ከማሳው ጥግ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«ማታ ቀፎዎቹን አልዘጉም እንዴ?»

«ማን ነግሮኝ ልዝጋ?»

መድኃኒት መርጨት የሚፈልግ ገበሬ መጀመሪያ ለመንደሩ ጽሕፈት ቤት ያስታውቃል። ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ለንብ አርቢዎቹ ሁሉ ይነግራል፤ እነሱም ማታውን ቀፏቸውን ይዘጋሉ ወይም ጭነው ያርቃሉ። ለጽሕፈት ቤቱ ይህን የምትሠራው ዝላትካ ነች። በዚህ ወንበር ላይ ከተቀመጠች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

«እኔማ ማክሰኞ ልኬልዎታለሁ» አለችና የወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ከፈተች። ጣቷ መስመሩን ወዲያው አገኘው። በራሷ ድቡልቡል ጽሕፈት «ቁጥር 212፣ ማክሰኞ፣ ለዘጠኝ ንብ አርቢዎች፣ በኢሜይል» ይላል። መዝገቡን አዙራ ወደ እሳቸው ገፋችው።

ሚንቾ መነጽራቸውን እንኳ አላወጡም። ከኮታቸው ኪስ ማር እንዳይነካው በላስቲክ የጠቀለሉትን ስልክ አውጥተው መዝገቡ ላይ አስቀመጡት።

«ያ ያንቺ ነው፤ የኔ ደግሞ ይሄ ነው። ማታ ማታ እከፍተዋለሁ። የመጨረሻው ደብዳቤ ካለፈው ሳምንት ነው፣ ከልጄ የመጣ።»

«አንዳንዴ እኮ የኢሜይሉ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባና…»

«ቆሻሻውንም አይቻለሁ። ያሳየሽኝ አንቺ አይደለሽ?»

እርሷ ነበረች። እስካለፈው ዓመት ድረስ ማስታወቂያውን በወረቀት አትማ፣ ቤት ለቤት ዞራ ታስፈርም ነበር። ክረምት ላይ ግን ዘጠኙንም እዚህ ሰብስባ ኢሜይል መክፈት አስተማረቻቸው። ያንገራገሩት ሚንቾ ብቻ ነበሩ። ወረቀት ይሻለኛል፣ ወረቀት ሚስቴም ታየዋለች ብለው ነበር። እሷ ደግሞ ሳቅ ብላ «ኢሜይልን ዝናብ አያርሰው፣ ነፋስ አይወስደው» አለቻቸው።

ሚንቾ ስልካቸውን መልሰው ጠቀለሉት። «ጉዳቱን የሚያየው ኮሚቴ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ የእንስሳት ሐኪሟና ከወረዳው ሁለት ሰዎች። ተነግሮህ ነበር ካሉኝ ካሳ የለም፣ የራሴ ቸልተኝነት ነው። አልተነገረኝም ብል ደግሞ ያንቺ መዝገብ አለ።» ወንፊቱን አነሱ፤ ንቦቹን ግን ተዉአቸው። «እነሱ እዚሁ ይቆዩ» ብለው ወጥተው ከመስኮቷ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ዝላትካ የኢሜይል ፕሮግራሙን ከፍታ «የተላኩ» የሚለውን ማህደር ነካች። እላይ ያለው ደብዳቤ ያለፈው ዓርብ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። ዓይኗ የሳታት መስሏት ዝርዝሩን ወደታች ወሰደችው፤ መልሳ ወደላይ አመጣችው። ከዚያ «ሙከራ» ብላ ለራሷ ጻፈችና ላከች። ጠበቀች። አልመጣም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። የኢንተርኔቱን ሳጥን ነቅላ እስከ ሠላሳ ቆጠረችና ሰካችው። የአየር ሁኔታ ገጹ ወዲያው ተከፈተላት፤ ከአንድ የትራክተር ጎማ ሻጭ ማስታወቂያም ገባላት። ሙከራው ግን አሁንም የለም።

ለራድኮ ደወለች። ራድኮ ወረዳው ከተማ ተቀምጦ የሃያ ሁለት መንደር ኮምፒውተር በስልክ የሚያክም ባለሙያ ነው።

«እትዬ ዝላትካ፣ ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየመሽ?»

«ደብዳቤ ይገባልኛል፤ አይወጣልኝም።»

«እንደ አማቴ ነዋ። እሷም ቤቴ ከገባች አትወጣም።» እርሷ እንዳልሳቀች ሲያውቅ ድምፁን አስተካከለ። «የይለፍ ቃል ቀይረሻል?»

«አልቀየርኩም።»

«የኮምፒውተሩ ቀንና ሰዓት ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«መሃል ላይ ብቅ እያለ የሚያስቸግር መስኮት ነበር?»

ዝላትካ የስክሪኑን መሃል አየች። ከሰኞ ጀምሮ በየጊዜው አንዲት ትንሽ መስኮት የምትጽፈው ነገር ላይ ድቅን ትላለች። «ነበር። እዘጋዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«በእንግሊዝኛ ነው።»

«ስንቴ ዘጋሽው?»

«ራድኮ፣ ትንኝ ስታባርር ትቆጥራለህ?»

ራድኮ ከርቀት ገባ። የስክሪኑ ቀስት ማንም ሳይነካው መንቀሳቀስ ሲጀምር ዝላትካ እንደ ወትሮዋ እጆቿን ጭኗ ላይ ሰበሰበች። ቀስቱ የቅንብር ገጾቹን ከፈተ። የላኪውን ማሽን ስም አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ ፈተነው። ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ ወደ ግራ ሄዶ «ወጪ» የሚል ማህደር ከፈተ። ዝላትካ በዚህ ሁሉ ዓመት እዚያ ገብታ አታውቅም። ደብዳቤ ሲሄድ የሚያልፍበት መተላለፊያ እንጂ የሚቀመጥበት ክፍል አይመስላትም ነበር።

«አገኘሁት። ሰኞ ዕለት አርባ አንድ ፎቶ ያለበት ደብዳቤ ልከሻል?»

«የመንደሩ ዳንስ ቡድን ፎቶ ነው። ለበዓሉ አዘጋጆች።»

«ይሄ እኮ ደብዳቤ አይደለም፣ ቁም ሣጥን ነው። በሩ አያስወጣውም። ፕሮግራሙ ይገፋል፣ እምቢ ይለዋል፤ ትንሽ አርፎ ደግሞ ይገፋል። ከኋላው ሰባት ደብዳቤ ተሰልፎ ቆሟል። ምናለ ከፋፍለሽ ብትልኪው?»

«ከከፋፈልኩት አምስት ደብዳቤ ሆነ። አምስት ደብዳቤ አምስት ቁጥር ይፈልጋል። ለአንድ ጉዳይ አምስት የወጪ ቁጥር ብሰጥ ኦዲተሩ ምን ይለኛል?»

ራድኮ ተነፈሰ። «አይዞሽ፣ ሃያ ሁለቱም መንደር እንዳንቺው ነው።»

ሥራ የጀመረች ዕለት የተነገራት ይህ ነበር፤ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም። ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ ትጽፋለች፣ ቀጥላ ትልካለች። ቁጥሩ ከተጻፈ ለእሷ ደብዳቤው ሄዷል። ፖስታ ቤቱ ከረጢቱን በየቀኑ ይወስድ በነበረበት ዘመን እውነትም ይሄድ ነበር። አሁን የተሰለፉትን አንድ በአንድ አነበበች። ከፎቶው ቀጥሎ 212 ቆሟል። ከሁሉ ኋላ ካለው ከራሷ ሙከራ ፊት 217 አለ፤ ዶብሪን የፊታችን እሁድ የምሥራቁን ማሳ እንደሚረጭ የሚናገር ሁለተኛ ማስታወቂያ።

ከንቲባው ኮስታዲን በወረቀት የያዘውን አይብ የተሞላ ባኒጻ እየገመጠ ገባ። ክምሩን ሲያይ ማላመጡን አቆመ።

«ይሄ የሚንቾ ነው?»

«የሚንቾ ነው። ደብዳቤው አልሄደም፣ አቶ ከንቲባ። ሌሎቹም አልሄዱም።»

«መዝገቡ ላይ ሰፍሯል?»

«ሰፍሯል።»

«እንግዲያው በቃ። ኮሚቴው የሚያየው መዝገቡን ነው። ቁጥሩን የኮሚቴው ቅጽ ላይ ትሞያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ።»

«አልወጣም እያልኩ ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔ መስመሩ ላይ አለሁ» አለ ራድኮ ድምፅ ማጉያው ከተከፈተው ስልክ ውስጥ።

ኮስታዲን ስልኩን ገላመጠው። «ራድኮ፣ ይህን የማክሰኞውን ማጥፋት ይቻላል?»

«የማይጠፋ ነገር የለም። ትልቁን ብቻ ካነሳሁት ሁሉም በየተራ ይሄዳሉ፤ የማክሰኞው ግን የዛሬን ሰዓት ይዞ ነው የሚደርሰው። ከጠፋ ደግሞ መዝገቡ ብቻ ይቀራል። ውሳኔው የናንተ ነው፤ እኔ ባለሙያ ነኝ።»

ኮስታዲን በሩን ዘጋና የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። ለጤና ጣቢያው ጣሪያ በር ለበር ዞሮ የለመነ እሱ ነው። የዝላትካ ውል በየዓመቱ እንዲታደስ የተከራከረላትም እሱ ነው፤ ጡረታዋ ሊደርስ ሦስት ዓመት ቀርቶታል።

«ስሚኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሚንቾ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ስልኩ ላይ ደብዳቤ አላየሁም ቢል ማን ይገረማል?»

«ያያሉ። እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«ጥፋቱ የኛ ከተባለ ካሳውን የሚከፍለው መንደሩ ነው። ከየት አመጣለሁ? የመንገዱን መብራት አጥፍቼ? ፎቶውን ላኪ ብልሽ አርባ አንዱን በአንድ ላይ ጠቅጥቂው አልኩሽ?»

«አንዱም እንዳይቀር አላልከኝም?»

ቢሮ ውስጥ አንተ ብላው አታውቅም። ኮስታዲን የባኒጻውን ወረቀት ሲያጣጥፍ ቆየ።

«ብያለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስለዚህ ሁለታችንም ነን። ለዚህ ነው የምለምንሽ። ውልሽ መስከረም ላይ የሚታየው በአዲሱ ምክር ቤት ነው፤ አላስፈራራሁሽም።»

«አስፈራርተኸኛል እንጂ።»

«እውነቱን ነው የነገርኩሽ።» ተነሥቶ ፍርፋሪውን ከሱሪው አራገፈ። «ቀደም ብለው ተነሥተዋል፣ አሁን ይደርሳሉ ብለውኛል። ወጥቼ ልቀበላቸው። ቅጹን ሙዪው።»

ቅጹ ፊቷ ነበር። አራተኛው ጥያቄ «ንብ አርቢው አስቀድሞ ተነግሮታል? መቼ? በምን?» ይላል። እስክሪብቶዋን አንስታ አስቀመጠችው። በመስኮቱ የሚንቾ ባርኔጣ ይታያታል። ይሠሩበት የነበረው ቆዳ ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ እኒህ ሰው የሚኖሩት በማር ነው። የራሷም ደመወዝ እንዲሁ ሌላ መተኪያ የለውም፤ ባሏ ወገቡን ከታመመ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሁለት ሦስት ቁጥር መጻፍ ነው፤ 212። ውሸትም አይደለም፣ መዝገቡ ላይ አለ።

«እትዬ ዝላትካ» አለ ራድኮ፤ «ሌላ መንደር እየጠበቀኝ ነው። ምን ላድርግ?»

«የእሁዱ ይሂድ። ሌሎቹም ይሂዱ። የማክሰኞው እዚያው እንዲቀር ማድረግ ይቻላል?»

«ሳይሄድም ሳይጠፋም?»

«አዎ። እንዳለ።»

ራድኮ ትንሽ አሰበ። «ክፈቺውና ሳትልኪው ዝጊው። አንዴ የተከፈተ ደብዳቤ እንደገና ላክ ካልተባለ ከቦታው አይነቃነቅም። ሰዎች ልክ በዚህ ነው የሚሳሳቱት፤ ሄደልኝ ወይ ብለው ከፍተው ያዩታል፣ ያኔ ይቀራል።»

«እኔ አውቄ ነው።»

«ገብቶኛል» አለ ራድኮ። ከዚያ በኋላ አልቀለደም።

ቀስቱን ለእሷ ለቀቀላት። ዝላትካ ደብዳቤውን ሁለቴ ነክታ ከፈተችው። «የተከበራችሁ ንብ አርቢዎች፤ ዓርብ ከንጋቱ ጀምሮ…» ይላል። ከዘጠኙ ስሞች ሚንቾ ሦስተኛ ናቸው። እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ደህና ደብዳቤ ነበር፣ አንድ ግድፈት የለበትም። ዘጋችው።

ራድኮ ፎቶዎቹን አነሳ። ወዲያው ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አንዱ መስመር ጠፋ፣ ቀጥሎ ሌላው። 217 ሲወጣ ከመስኮቱ ሥር የሚንቾ ስልክ ጮኸ። ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ ተሰማት። ብድግ ብላ ስታይ ሽማግሌው ስለ እሁዱ ርጭት አንብበው ስልኩን መልሰው እየጠቀለሉት ነበር። ለቀሩት ስምንት ግን በኢሜይሉ ብቻ ልትተማመን አልደፈረችም፤ ስማቸውን በወረቀት ጽፋ ስልኩ ሥር አደረገችው፣ እንግዶቹ እንደሄዱ ልትደውልላቸው።

«ወጪ» ማህደር ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ቀረ፤ ያልሄደው 212።

«ጨርሻለሁ» አለ ራድኮ። «በይ፣ በርቺ።»

ደጅ መኪና ቆመ። የኮስታዲን የእንግዳ አቀባበል ሳቅ ተሰማ፣ የመኪና በሮች ተዘጉ፣ የሴት ጫማ ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ዝላትካ ስክሪኑን በሁለት እጇ ይዛ ወደ እንግዶቹ ወንበሮች ልታዞረው ሞከረች። ገመዱ አጭር ስለነበር እምቢ አላት። ዞራ መጥታ የጠረጴዛውን ጥግ ያዘችና በዳሌዋ ገፋችው። ከባዱ ጠረጴዛ ወለሉን እየፋቀ ዞረ፤ ጥቂት ንቦች መሬት ወደቁ።

ኮስታዲን በሩን ከፍቶ እንግዶቹን ከኋላው አስከትሎ ቆመ። ጠረጴዛውን አየ፣ ስክሪኑን አየ።

«ምን ሆኖ ነው የዞረው?» አለ።

«ከዚያ በኩል አይታይም ነበር» አለችና መካከለኛውን ወንበር ለእንስሳት ሐኪሟ ሳበችላት።