የአቶ ያለው እግር

ናሁሰናይ ስለ በሽታ ተጠይቆ የማይመልሰው ነገር አልነበረም። እሱና ውዳሴ የጤና መኮንንነት ትምህርታቸውን ጨርሰው ለሙያ ፈቃድ ፈተናው ፍኖተ ሰላም ላይ አብረው ሲያጠኑ አራት ወር ሆኗቸዋል። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፤ መንስኤው ምንድን ነው፣ ምልክቱስ፣ መድኃኒቱስ። ጥያቄና መልሱን በስልክ እየቀዱ መንገድ ላይ መልሰው ይሰሙታል። በዚሁ መሀል ተዋደዱ። እሑድ ጠዋት የእሱ ሽማግሌዎች ቡሬ አጠገብ ካለው የአባቷ ቤት ይመጣሉ ተባለ።

ዓርብ ዕለት የወባ መድኃኒቶችን ሲጠያየቁ ቆይተው ናሁሰናይ ደብተሩን አጠፈ።

"እሑድ አባትሽ ባይኖሩስ?" አላት። "እናቴ ዘር የምታጣራ ሰው ናት። ሽማግሌዎቹ የእሳቸውን እግር ካዩ ነገሩ ይበላሻል። አጎትሽ ጋሽ እጅጉ ይቀበሏቸው።"

የውዳሴ አባት አቶ ያለው ሁለቱም እግራቸው ከጉልበት በታች ያበጠ ነው፤ ዝሆኔ። ዕድሜ ልካቸውን ያንን ቀይ አፈር በባዶ እግራቸው አርሰው ነው እሷን ያስተማሩት።

"በሽታው አይተላለፍም ብለህ የመለስከው አንተ አይደለህም?"

"ለበሽታው በዘር የሚመጣ ተጋላጭነት አለ ተብሎም ተጽፏል" አላት፣ ፈታኝ ፊት እንደቀረበ ሰው ረጋ ብሎ።

"እሱማ በባዶ እግሩ ለሚሄድ ነው! ጫማ ያደረገን ሰው ምን ያደርገዋል?"

"እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን አያውቁም።"

"ታዲያ ንገራቸዋ!"

ናሁሰናይ ያጠፈውን ደብተር መልሶ ገለጠ። ስለ መቶ በሽታ የሚለፈልፍ አፍ ለገዛ እናቱ አንዲት እውነት መናገር አቃተው። ውዳሴ "አይሆንም!" ብላው በሩን በላዩ ላይ ዘግታ ወጣች።

እሑድ በማለዳ ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍራ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ፈተናው ደርሷል፤ ብትናደድም ማጥናት አለባት። መጀመሪያ የመጣባት ድምፅ ግን የእሱ ነበር፤ ስለ ዝሆኔ እየመለሰ። እንዴት አድርጎ ነው የሚመልሰው! እስከ ቡሬ ድረስ ደጋግማ ሰማችው፤ በሰማችው ቁጥር ደሟ እየፈላ ሄደ።

ከባጃጅ ወርዳ ግቢ ስትገባ አቶ ያለው የጸዳ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ምርኩዛቸውንና ስንቃቸውን ይዘው ሊወጡ ሲሉ አገኘቻቸው።

"ወዴት ነው አባ?"

"ግሽ ዓባይ ልሳለም ነዋ። ልጁ ትናንት ደወለልኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ 'አባቴ' ብሎ ነው የለመነኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፣ የኔ ልጅ? አንች ብቻ ጎጆ ውጭልኝ።"

ደውሎላቸዋል! እሷ እምቢ ስትለው በጀርባዋ ዞሮ አባቷን ከገዛ ቤታቸው ለምኖ ሊያስወጣ! ውዳሴ በአባቷ ላይ ጮኻ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ጮኸች።

"የትም አይሄዱም! ይቀመጡ!"

ስንቁን ተቀበለቻቸውና ከመደቡ ላይ፣ ከበሩ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ሳፋ፣ ውኃና ሳሙና አምጥታ እግራቸውን ታጥብ ጀመር። እሷ ካስተማረቻቸው ወዲህ በየቀኑ የሚታጠቡበት ሰዓት ነበር።

"ኸረ ልጄ፣ እንግዳ ፊት?" አሉ እንግዶቹን ሊቀበሉ የመጡት አጎቷ እጅጉ።

"እንግዳ ፊት!"

ወዲያው ሦስት ሽማግሌዎች ደረሱ። ወጉ ነውና በር ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። መሪያቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የናሁሰናይ አጎት ናቸው። ልመናቸውን ሊጀምሩ አፋቸውን ከፍተው ሳፋው ውስጥ ያለውን እግር ሲያዩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ከኋላቸው የቆመው "ዘር ከልጓም ይስባል" ብሎ አጉተመተመ።

ውዳሴ እጇን ጠራርጋ ስልኳን ከበርጩማው ላይ አኖረችና ከፈተችው።

"የዝሆኔ መንስኤው?" ይላል የእሷ ድምፅ።

"በቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን በባዶ እግር መሄድ።"

"ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል?"

"አይተላለፍም።"

"ሕክምናውስ?"

"በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ።"

"ከእብጠቱ ሌላ ሕመምተኛውን የሚጎዳው?"

"መገለል። ሰው እግሩን አይቶ ሲሸሸው ከእብጠቱ ይብስበታል።"

መሪጌታ ቀና አሉ። "ይህ የልጃችን የናሁሰናይ ድምፅ አይደለም?"

"ነው።"

መሪጌታ ጥምጣማቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። "አቶ ያለው፣ ይቅር ይበሉን። እኛ አላወቅንም ነበር።"

"እናንተ አላወቃችሁም፤ የማያውቅ ይቅር ይባላል" አለች ውዳሴ። "እሱ ግን ያውቃል! እያወቀ አባቴን ከቤታቸው ሊያስወጣ ትናንት ደወለላቸው። አላገባውም። ንገሩልኝ።"

"ተይ እንጂ ልጄ..." አሉ አቶ ያለው።

ውዳሴ ጎንበስ ብላ እግራቸውን በጣቶቹ መሀል ሳይቀር አደረቀች፣ ቀባች፣ ጫማቸውን አጠለቀችላቸው። ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው ሲወጡ አቶ ያለው ምርኩዛቸውን አንስተው፣ ቤቱ የእሳቸው ነውና፣ እስከ በራፍ ሸኟቸው።