ከቢንጎው ቀጥሎ

«ብቻዬን ማይክራፎን ፊት አልቀመጥም። አበቃ» አለ ቶርፊን፣ ያልነካውን የክሬም ኬክ ወደ ጠረጴዛው መሐል እየገፋ።

ዮሩን ከቴርሞሱ ቡና ጨመረችለት። ታናሽ ወንድሟ ስድሳ ስምንት ዓመት ሞልቶታል፤ ሲያኮርፍ ግን ከንፈሩ ዛሬም የሰባት ዓመት ልጅ ከንፈር ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው። ባሏን ኤይሊፍን ማክሰኞ ጠዋት ሞቶ ያገኘችው፣ እንጨት ሊያመጣ ጓሮ ወጥቶ፣ መፍለጫው ጉቶ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ አራት ፍልጥ እንዳቀፈ ነበር። ፊቱ ላይ የጭንቅ ምልክት አልነበረም። ደጋግማ የምታስበው ይህንኑ ነው፤ ባሰበችው ቁጥርም ደረቷን ቀለል ይላታል።

ቀብሩ ለመጪው ረቡዕ ተቀጥሯል። እስከዚያው የመንደራቸው የኩርቪካ ሰው ጫማውን በራፍ ላይ እያወለቀ በካልሲ ይገባል፤ ያመጣውን ኬክ ያስቀምጣል፤ እጇን ጨብጦ ስለ ነፋሱ ማውራት ይጀምራል።

«ታዲያ ቅዳሜ ሬዲዮው ምን ሊል ነው?» አሉ እትዬ ጉንቮር ከመስኮቱ ሥር። ጎረቤት ናቸው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ከዚያች ወንበር የተነሡት ለመኝታ ብቻ ነው።

«ቢንጎው ሲያልቅ ዝም ይላላ!» አለ ቶርፊን።

«ዝም? እኔ ዓሣ የምጠብሰው በእናንተ ጭቅጭቅ እኮ ነው! ዝም ካላችሁ የመገልበጫውን ሰዓት በምን ልወቀው?»

ለቀስተኛው ሳቀ። ዮሩንም ሳቀች። ቶርፊን ግን ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ በሰባት ሰዓት፣ የቁጥር ጨዋታው ቢንጎ በመንደሩ ሬዲዮ ተጠርቶ ሲያልቅ፣ ከአሮጌው ትምህርት ቤት ምድር ቤት ሁለቱ አማቾች ኤይሊፍና ቶርፊን የኖርዌይ ሸክላ ሲያጫውቱ ኖረዋል። «ግማሹ አድማጭ እኮ ከቢንጎ ካርዱ ተነሥቶ ሬዲዮውን ማጥፋት ስለሚሰንፍ ነው የሚሰማን» ይል ነበር ኤይሊፍ። በዚህ መኸር ደግሞ አዲስ ነገር ጀምረው ነበር፦ ከሰባዎቹ አንሥቶ ለየአሥር ዓመቱ አንድ ምርጥ የአገር አልበም፣ በየሳምንቱ አንድ። ለሰባዎቹ፣ ትሮንድሄም አካባቢ ያደጉ አራት ጸጉራሞች በገዛ መንደራቸው አነጋገር የዘፈኑትን ሮክ መረጡ፤ በዚህኛው አልተጣሉም። ለሰማንያዎቹ ቶርፊን አሸነፈ፤ ትከሻው ሰፊ ኮት ለብሰው ኪቦርድ የሚነካኩ ልጆች አልበም ተጫወተ። የዘጠናዎቹ የኤይሊፍ ምርጫ ነበር። የሁለት ሺዎቹን አንዲት የበርገን ልጅ ጊታር ይዛ በሹክሹክታ ያህል የዘፈነችው ወሰደው። የቀረው አምስተኛው፣ የሁለት ሺህ አሥሮቹ፣ ነበር። ቶርፊን የአኮርዲዮን ዳንስ ባንድ ይላል፤ ኤይሊፍ አንዲት ሴት የፍየል ቀንድ ከቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ጋር የነፋችበትን ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ሳይስማሙ ነው ሰዓቱ ያለቀባቸው።

ቤት ውስጥ ግን ኤይሊፍ ሌላ ሰው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት የማመላለሻዋ መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ ሠርቶ ግራ ጆሮው ደክሟል፤ በቀን ሃያ ቃል ከተናገረ ብዙ ተናገረ ይባላል። ዮሩን መጀመሪያ ያየችው በወጣቶች ዳንስ ቤት ነው። ሌላው ወንድ ሴት ሲመርጥ እሱ ድምፅ ማጉያው አጠገብ መዳፉን ሳጥኑ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ሄዳ «አትደንስም?» አለችው። እጇን ያዘና ከራሱ እጅ ጎን ሳጥኑ ላይ ለጠፈው። «ባሱን ስሚው» አላት። ያን ምሽት ሌላ አልተናገረም። እሷም ሌላ አልፈለገችም።

ዓርብ ጠዋት የደብሩ ቄስ መጣች። ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ብስክሌት የምትነዳ ልጅ ናት። ለቀብሩ ንግግር ስለ ሟቹ ልትጠይቅ ማስታወሻዋን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር ልበል?»

ዮሩን አሰበች። «የዘጠናዎቹን አልበም ሲያጫውት ሰምተሻል?»

«እኔ በዚያ ቅዳሜ አልነበርኩም። ግን ወሬው ደርሶኛል።»

«ፊታቸውን ነጭና ጥቁር የተቀቡ ልጆች ጫካ ውስጥ የሚጮኹበት ሸክላ ነው። ቶርፊን ‹ቢንጎ የሚጫወቱትን አሮጊቶች ልትገድልብኝ ነው?› እያለ ሲለምነው በሬዲዮ ይሰማል። ወዲያው ስልክ ጮኸ። እትዬ ጉንቮር ነበሩ። ሁላችንም ሊሳደቡ ነው ብለን ነበር።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

«አባታቸው በልጅነታቸው ባሕር ላይ ነው የቀሩት። ‹የዚያን ቀን ማዕበሉ ልክ እንዲህ ነበር የጮኸው። ሰው አላምን ብሎኝ ነበር። እስቲ ድገመው› አሉ። ኤይሊፍም ደገመው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ቶርፊን የቡና ስኒውን ሲያስቀምጥ እንኳ ‹ሽሽ! ሰው እየሰማ ነው› አለው።»

ቄሷ መጻፏን አቁማ ፈገግ አለች። «እርስዎስ? የእርስዎ አልበም የትኛው ነው?»

ዮሩን ቤት ውስጥ አራት መቶ ሸክላ አለ። ባሏና ወንድሟ ሠላሳ አንድ ዓመት ስለ ሸክላ ሲጨቃጨቁ ሰምታለች። ይህን ጥያቄ የጠየቃት ግን አንድም ሰው አልነበረም፤ እሷም አስባው አታውቅም።

«ላስብበት» አለች።

ቄሷ እንደ ሄደች ጣሪያው ሥር ወዳለው ክፍል ወጣች። ልጇ ሲቭ፣ ከትሮምሶ ለቀብሩ የመጣችው፣ ደረጃውን የሚያንቀጠቅጠው ምንድን ነው ብላ ተከተለቻት። እናቷ ከኤይሊፍ መደርደሪያ ሳይሆን ከአሻንጉሊት ሣጥን ውስጥ አንድ ሸክላ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ኮፍያ ያደረገች ቀንድ አውጣ ወደብ ላይ ቆማለች።

«እማዬ! ይቺ መርከብ ያመለጣት ቀንድ አውጣ አይደለችም እንዴ?»

«ራሷ ናት።»

ሲቭ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ትክትክ ይዟት ነበር። በረዶው መንገድ ዘግቶ፣ ኤይሊፍ መርከቧ ላይ ሆኖ፣ ዮሩን ሦስት ሳምንት ብቻዋን ልጅ ታቅፋ ከረመች። ሳሉ ሲነሣ ሸክላውን ታስቀምጠዋለች፤ ቱባ የሚባለው ትልቁ ጥሩምባ ዱም ዱም ሲል፣ ሴትዮዋ ስለ ቀንድ አውጣዋ ስትዘፍን፣ ልጅቷ ለመስማት ስትል ትንፋሿን ትሰበስባለች። ዮሩን ልጇን ወገቧ ላይ አድርጋ በወጥ ቤቱ ወለል ላይ ትደንስ ነበር። ፈርታ ነበር፤ ደስም ብሏት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ ያወቀችው ያኔ ነው።

ቅዳሜ ሸክላውን ከካፖርቷ ሥር ይዛ ወደ አሮጌው ትምህርት ቤት ወረደች። ቶርፊን ኮቱን ሳያወልቅ ማጫወቻው ፊት ተቀምጧል።

«ሸክላዎቼን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ ሳትጠይቀው።

«አያለሁ።»

የቢንጎዋ ሴትዮ በድምፅ ማጉያው የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ትጠራለች። ቶርፊን ዓይኑን አሻሸ። «እታለም፣ ባለፈው ሳምንት በመጨረሻ ምን እንዳልኩት ሰምተሻል? ሰው ሁሉ እየሰማ ‹ጆሮህን ሞተር ክፍል ረስተኸዋል› አልኩት። ከዚያ ወዲያ አላገኘሁትም። የመጨረሻዬ ያ ነው።»

«ቤት ገብቶ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?»

«ምን አለ?»

«‹ዛሬ ቶርፊን ጉድ አደረገኝ› ብሎ ሁለት ሳህን የዓሣ ሾርባ በላ። ማታም ጥርሱን እየቦረሸ ብቻውን ይስቅ ነበር።»

ቶርፊን ኮቱን አወለቀ። ቢንጎው አለቀ፤ ተራቸው መድረሱን የሚያሳየው ቀይ መብራት በራ፤ እሱ ግን ማይክራፎኑን አልከፈተም፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየ ተቀመጠ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁልጊዜ ሁለት ደቂቃ ያስጠብቀኝ ነበር። የቢንጎዋ ሴትዮ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትነጫነጭብን። ‹ቆይ፣ ዮሩን ገና ሳህን እያጠበች ነው› ይለኛል። ሰዓቱን ያይና ‹ይኸው፣ አሁን እጇን አደረቀች፤ ክፈተው› ይላል። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል አይተነፍስም።»

ዮሩን ምድር ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችው፤ ሸክላዎቹን፣ የተላጠውን ግድግዳ፣ ትንሹን ማይክራፎን። በቀን ሃያ ቃል ብቻ ይናገራል ስትል የኖረችው ሰው፣ የቀረውን ሁሉ እዚህ እየመጣ ለእሷ ሲያወራላት ኖሯል። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።

«እጄ ደርቋል» አለች። «ክፈተው።»

ከፈተው። ቶርፊን ለአድማጮቹ ስለ ኤይሊፍ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ ሦስተኛው አልወጣ አለው። ዮሩን ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ አለች።

«ዮሩን ነኝ። አልበም ይዤ መጥቻለሁ። የሰማንያዎቹ ነው።»

«ሰማንያዎቹ እኮ ተዘግተዋል!» አለ ቶርፊን ከልቡ ደንግጦ። «ከአራት ሳምንት በፊት!»

«ተሳስታችሁ ነው የዘጋችሁት።»

«ኧረ ሽፋኑን ልየው… ቀንድ አውጣ? የልጆች ዘፈን? እታለም፣ ይህ እኮ ቁም ነገር ያለው ፕሮግራም ነው!»

«ባለ ኪቦርዶቹ ልጆች ናቸው ቁም ነገረኞቹ? እነሱ የማንን ሳል አስታገሡ?»

ስልኩ ጮኸ። ቶርፊን አነሣው፤ የእትዬ ጉንቮር ድምፅ በየቤቱ ገባ። «አንተ ቶርፊን! ልጅቷን አታቋርጣት! ቀጥይ ዮሩን፣ ዓሣዬ በአንድ ጎኑ ደርሷል።»

ዮሩን ስለዚያ ክረምት ተናገረች። እንዴት እንደምትናገር አላሰበችበትም፤ ወጥ ቤት ቆሞ ለሚያደምጣት ለአንድ ሰው እንደምታወራ አወራች። ስትጨርስ ቶርፊን ክርክሩን ትቶ ሸክላውን በእጅጌው ወልውሎ አስቀመጠው፤ መርፌውንም አሳረፈ።

ቱባው ጀመረ። ዮሩን ኤይሊፍ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ወጣች። ወንበሩ ለረጅም ሰው የተስተካከለ ነው፤ እግሯ ወለሉን አልነካ አለ። ቶርፊን አይቶ ጎንበስ አለና ሊያወርድላት መዘውሩን ያዘ።

እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። «ተወው» አለችው።

ቦት ጫማዋ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከቱባው ጋር ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ።