የሚጣል ብርሃን የለም

ብሩክታይት ገብረ ሚካኤል ከውጭ አገር ለእረፍት ቢቸና የገባችው ጤፉ ሊታጨድ በተቃረበበት ሰሞን ነበር። ታናሽ ወንድሟ እዮብ ሞጣ ላይ የራጅ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል፤ ቅዳሜን ጠብቆ ሊያያት ሲመጣ እናታቸው ወይዘሮ ስሜነሽ ገና ከደጅ በስሞታ ተቀበሉት።

«የመጣው ኮምፒውተሯ ነው፤ እሷማ እሱን ልትሸከም ነው የተከተለችው» አሉት። «ጎረቤቱ እንኳን ደህና መጣሽ ሊላት ይመጣል፣ እሷ አንገቷን ደፍታ የተጠማዘዘ መስመር ታያለች። ምናለበት አንተ እንኳ ብትገሥጻት!»

እዮብ እህቱን ሊገሥጽ ቀርቶ ቀና ብሎ ሊከራከራት የሚደፍር ልጅ አልነበረም። ገብቶ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፗም ባትሪ አልቆ ኖሮ ብሩክታይት ክዳኑን ዘጋችና ሣቀች። «በል እንግዲህ፣ አሁን ያንተ ነኝ» አለችው።

ሕክምና መሣሪያ የሚሠራ ላቦራቶሪ ውስጥ እንዳለች ያውቃል እንጂ በትክክል ምን እንደምትሠራ ጠይቋት አያውቅም። ያን ዕለት ጠየቃት።

«ፔት ስካን ታውቅ የለ?»

«እማን ሕንድ ይዣት ስሄድ ደጁ ላይ ተቀምጬ ጠብቄያለሁ።»

እሱን ሁለቱም አልረሱትም። ወይዘሮ ስሜነሽ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታመው፣ ዕጢው የት የት እንደደረሰ ይታይ ተብሎ እዚያ ማሽን ውስጥ ገብተው ነበር። እጅን ወደ ላይ ዘርግቶ ንቅንቅ ሳይሉ መተኛት ያስፈልጋል። እሳቸው ደግሞ ወገባቸውን ያማቸዋል፤ አልቻሉም፣ ተገላበጡ፣ ምስሉም ተበላሸ። በማግሥቱ እንደገና መድኃኒት ተወግተው እንደገና ገቡ። ታክመው ድነዋል፤ ይሁንና ማሽኑን እስከ ዛሬ «ያ ዋሻ» ነው የሚሉት።

«ለታማሚው የሚሰጠው መድኃኒት ትንሽ ጨረር አለበት» አለችው ብሩክታይት። «ዕጢው ካለበት ቦታ ይሰበሰባል። ከዚያ ጨረሩ ጥንድ ጥንድ እየሆነ፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ይወጣል። በዙሪያው የተደረደሩት ክሪስታሎች ይቀበሉታል። አሁን ሁለት ሚኒባስ ከአንድ ቦታ እኩል ተነሡ በል፤ አንዱ ወደ ሞጣ፣ አንዱ ወደ ቢቸና። ፍጥነታቸው አንድ ነው። ከየት እንደተነሡ ግን አታውቅም። የቢቸናው ቀድሞ ቢገባስ?»

«ለቢቸና ቀረብ ካለ ቦታ ነዋ የተነሡት።»

«እኩል ቢገቡ?»

«መሐል መንገድ ላይ።»

«ሥራዬ ይኸው ነው። ችግሩ ጨረር በሰከንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ የተማሪ ማስመሪያ የሚያህል መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ የኛ ሰዓት የሰከንድን ቢሊዮንኛ ራሱን መሸንሸን አለበት። አሸናሸኑ በረቀቀ ቁጥር በጥቂት ጨረር ጥሩ ምስል ይወጣል። ታማሚው ለአጭር ጊዜ ይተኛል፤ መድኃኒቱም ይቀንስለታል።»

ይህን የሚችል ፈጣን ክሪስታል አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። የብሩክታይት ቡድን የተያያዘው በርካሹና በአሮጌው ዓይነት ክሪስታል ያንኑ ሥራ ማሠራት ነው። ርካሹ ዳተኛ ነው፤ ጨረር ሲመታው ቀስ ብሎ ነው የሚበራው። ታዲያ በመጀመሪያዋ ቅጽበት ብልጭ የምትል እጅግ ፈጣን ብርሃን አለችው። አንዳንዴ ደመቅ ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ አለች ለማለት እንኳ ታስቸግራለች። ደማቁና ደብዛዛው ሲደባለቅ ሰዓቱ ይዛባል። ብሩክታይትን እንቅልፍ የነሣት ይህ ነበር።

ቢቸና ላይ መብራቱ አልመጣ ሲል እዮብ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሞጣ ይዟት ሄደ። ወይዘሮ ስሜነሽ ስንቅ ቋጥረው ሸኟት። «ሂጂ፤ ስትጨርሺ ግን ሰው ሆነሽ ተመለሺ» አሏት።

በማግሥቱ እዮብ ለምሳ ወደ ቤት ሲመጣ እህቱ ከቡድኑ መሪ ጋር በስልክ እየተነጋገረች ነበር። ድምፁ በስፒከር ይሰማል፤ እዮብም እንግሊዝኛው አልከበደውም። ሰውዬው ደስ ብሎታል። ብልጭታቸው የደበዘዘባቸውን ልኬቶች እያወጣን ጣልናቸው፣ በቀሩት ላይ ሰዓቱ የሚደንቅ ሆነ፣ በመጪው ጉባኤ ይህንኑ እናቀርባለን አለ።

«ከግማሽ በላይ ነው የጣላችሁት» አለች ብሩክታይት። «ግማሹን ከጣልን ታማሚው ያንኑ ለማሟላት እጥፍ ጊዜ ሊተኛ ነው። ታዲያ ምን አሻሻልን?»

«እሱ የኋላ ጥያቄ ነው። አሁን የሚታየው ቁጥሩ ነው።»

«እንግዲያው ስሜን አውጡልኝ።»

ሰውዬው፣ ድምፁን ሳይቀይር፣ እረፍትሽ እስኪያልቅ የተሻለ ነገር ካመጣሽ እናያለን፤ ካላመጣሽ ያለ አንቺ እንቀጥላለን አላት። እሺ ብላ ዘጋች።

እዮብ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ሰሃኑ ላይ አኖረው። «እታለም፣ ከሥራ ቢያስወጡሽስ?»

«ይችላሉ።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እማ እዚያ ውስጥ ሆና ስታለቅስ ደጅ የነበርከው አንተ ነህ፤ እኔ በስልክ ነው የሰማሁት። የሚጣለው ጨረር እኮ ከሰው ሰውነት የወጣ ነው፣ እዮብ። ያ ሰው እሱን ለመስጠት ነው ወገቡን እያመመው የተኛው።»

እዮብ ራጅ ሲያነሣ ስንቱን ታማሚ «አይንቀሳቀሱ» ብሎ እንደሚያዝ አሰበ፤ ምሳውን ሳይጨርስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያያትን እህቱን እስከዚያ አያውቃትም ነበር። ጎበዝ ተማሪ እንደነበረች ያውቃል፤ እንዴት እንደምትሸነፍ ግን አይቶ አያውቅም። ለደብዛዛዎቹ በድምቀታቸው ልክ ማረሚያ ልትሰጣቸው ሞከረች፤ ውጤቱ ጭራሽ ተበላሸ። ሌላ ሰው ቢሆን ጠረጴዛውን ይመታል። እሷ ግን «አሃ!» ብላ፣ የሆነ ነገር እንደተሰጣት ሰው ፈገግ አለች፤ ነጠላዋን ደርባም ገበያ ወጣች። ሽንኩርትና ቃሪያ ገዝታ፣ ከሻጯ ጋር ስትቀላለድ ቆይታ ተመለሰችና ካቆመችበት ቀጠለች።

ሐሙስ ቀን እዮብ ከሥራ ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ድምቀቱን ሳይሆን አወጣጡን ነው ማየት የነበረብኝ! አንተ መናኸሪያ በር ላይ ቆመሃል እንበል። አንድ ሚኒባስ ሲገባ አይተኸው ብቻ ጭነት የበዛበት መሆኑን አታውቅም?»

«ዐውቃለሁ እንጂ። እየተጎተተ ነው የሚገባው።»

«በቃ! የብርሃኑም ምልክት እንዲያ ነው። ገና ሲነሣ ቀጥ ብሎ የሚወጣ አለ፣ እየተጎተተ የሚወጣ አለ። አወጣጡን አይቼ ምን ያህል እንደዘገየ ካወቅሁ ምን ቸገረኝ? መዘግየቱን እቀንስለታለሁ። ፈጣኑን አብዝቼ አምነዋለሁ፣ ዳተኛውን ጥቂት አምነዋለሁ። የሚባረር የለም።»

እዮብ ስክሪኑን አየ። ቀድሞ እንደ ተበተነ ክምር ሰፍቶ የነበረው መስመር ጠበብ ብሎ ቆሟል። እልል ሊል ምንም አልቀረው።

«ቆይ» አለችው። «ይህን ያገኘሁት እኔው ራሴ ሳስተካክለው በከረምኩት መረጃ ነው። በሱ ላይማ ያምርልኛል። እኔ አይቼው የማላውቀውን አዲስ መረጃ ይለኩና ዘዴዬን ሳልነካካው እነሱው ይሞክሩት።»

«ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ባይሠራስ?»

«አለመሥራቱን ዐውቃለኋ።»

ኔትወርክ ሲገኝ ዘዴውን ላከችላቸውና ለእናቷ በገባችው ቃል መሠረት ሰው ሆና ወደ ቢቸና ተመለሰች። ለቅሶ ደረሰች፣ አራስ ጠየቀች፣ ከእናቷ ጋር ሚካኤል ሄዳ አስቀደሰች። እዮብ በስልክ «ደወሉ?» ሲላት «የለም» ትለዋለች፤ ድምፅዋ ላይ ጭንቀት ፈልጎ ያጣል። እሱ ግን ራጅ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ስለ እሷ ይጨነቅላታል።

ስልኩ የተደወለው እዮብ ቢቸና በመጣበት ቅዳሜ፣ ሦስቱም ግቢ ውስጥ ተቀምጠው በርበሬ ሲቀነጥሱ ነው። ብሩክታይት እጇ በርበሬ ስለነካ እዮብ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። መሪው ራሱ ነበር። ብዙ አዳመጠች። አንድ ጊዜ ብቻ «በሁሉም ላይ?» ብላ ጠየቀች። በመጨረሻም አመሰገነችው።

«ምን አለሽ ፈረንጁ?» አሉ ወይዘሮ ስሜነሽ።

«ሠርቷል ይላል፣ እማ። እነሱ ጥለው ካገኙት ቁጥር ትንሽ ያንሳል፤ ግን አንድም ሳይጣል ነው። ተቻኩዬ ነበር፣ ይህንኑ እናቀርባለን አለኝ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«በርበሬው ነው» አለች ብሩክታይት፤ እናትየው ግን ልጃቸውን ያውቃሉና መቀንጠሳቸውን ትተው ጭንቅላቷን ወደ ደረታቸው ሳቡት።

ወደ ውጭ አገር በተመለሰች በዓመቱ ለእዮብ ሁለት ምስሎች በስልኩ ላከችለት። ከርካሹ ክሪስታል እንደ ማሽኑ ያለ ትንሽ ቀለበት ሠርተው፣ ለሙከራ የተዘጋጀ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ዕቃ አንሥተውበታል። ሁለቱም ምስሎች በእኩል ጊዜ የተነሡ ናቸው። በድሮው የሰዓት አለካክ የተሠራው አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በአዲሱ የተሠራው ላይ ግን ትንንሾቹ ቀዳዳዎች ሳይቀሩ ተለይተው ይታያሉ። እዮብ ስንት ዓመት ምስል ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ሆኖም እነዚህን እያጎላና እያሳነሰ ብዙ ቆየባቸው።

አብራው የምትሠራው ነርስ ውበቴ በትከሻው በኩል አጮልቃ «ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«ይኼን የሠራችው እህቴ ናት» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ብሩክታይት ብትሰማው እንደምትቆጣ ትዝ አለውና «እህቴና ጓደኞቿ የሠሩት ነው» ብሎ አረመው።

«ለኛም ይመጣል?»

«ገና ነው። በሰው ላይ አልተሞከረም» አለ እዮብ። ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጣትና ሚኒባሶቹ ከየት እንደተነሡ ከመጀመሪያው ያስረዳት ጀመር።