የምንትዋብ የድጋፍ ደብዳቤ

4.
«ራስሽ ጽፈሽ አምጪው፤ እኔ እፈርማለሁ።»

እንዲህ ያሏት አለቃዋ አቶ ጌጡ ናቸው፤ የወረዳው ወጣቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ። (ታሪኩ ከአራት የጀመረው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ያለው የቅጹ ክፍል ስም፣ ዕድሜና ሥራ ብቻ ስለሆነ ነው። ምንትዋብ፤ ሃያ ሰባት፤ የወጣቶች ባለሙያ።)

5. ቅጹ
«በሽግግር ላይ ካሉ አገሮች ለሚመረጡ ወጣት መሪዎች፣ የአንድ ዓመት የውጭ አገር ሥልጠና።» ከየት ወደ የት እንደምንሸጋገር ቅጹ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የአለቃ ደብዳቤ ነው። ከክልሉ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንት የሞላው ደግሞ አይወዳደርም። ምንትዋብ መሄዱን ከልቧ ትፈልገዋለች።

6.
«እግረ መንገድሽን የይርሳውንም ጻፊለት። ለጽሑፍማ ማን እንዳንቺ!» አሏት አቶ ጌጡ።

ይርሳው ከጎኗ ያለው ጠረጴዛ ባለቤት ነው። እሱም አመልክቷል።

7. ስለ ይርሳው
ሰውን ማሞገስ ቀላል ነው። ገጹ ሞላ። «አርቆ አሳቢ። በጎርፉ ጊዜ ከወጣቶቹ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ሲዝቅ የሰነበተ።» እውነት ነው፣ ዝቋል። እሷም አጠገቡ ስትዝቅ ነበር።

8. ስለ ምንትዋብ
«ጎበዝ።»

ሰረዘች። ራስን ማሞገስ! እናቷ ብትሰማ ምን ትላለች?

«ታታሪ።»

ሰረዘች።

«ደህና ሠራተኛ ናት።»

ይሄም አሳፈራት፤ ግን ተወችው።

9.
አቶ ጌጡ ሁለቱንም ሳያነቡ ፈረሙ። ማኅተሙ ግን ጎላ ብሎ እንዲወጣ ሁለት ጊዜ ተነፈሱበት።

10. ቃለ መጠይቅ
(በቪዲዮ፣ ከአዲስ አበባ። ኢንተርኔት ያለው አቶ ጌጡ ቢሮ ብቻ ስለሆነ፣ እሳቸውም ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀምጠዋል።)

ጠያቂ፦ ኃላፊዎ ስለ አቶ ይርሳው አንድ ሙሉ ገጽ ጽፈዋል። ስለ እርስዎ አንድ መስመር። ተጣልታችኋል?

ምንትዋብ፦ ኧረ በፍጹም!

(አቶ ጌጡ ሌባ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።)

ጠያቂ፦ ወይስ እውነትም ደህና ብቻ ነዎት?

ምንትዋብ ተናደደች። በይርሳው አይደለም፣ በአቶ ጌጡም አይደለም፤ «ደህና» ብላ በጻፈችው በገዛ እጇ።

11. የቅጹ የመጨረሻ ጥያቄ
«እውነት ተናግረው ዋጋ የከፈሉበትን አጋጣሚ ይግለጹ።»

ቅጹን ስትሞላ ባዶውን ትታው ነበር።

12.
ጠያቂ፦ ወይዘሪት ምንትዋብ፣ ይሰሙኛል?

(የአቶ ጌጡ እጅ ወደ ኢንተርኔቱ ገመድ ተዘረጋ።)

ምንትዋብ፦ እሰማለሁ። ሁለቱንም ደብዳቤ የጻፈው



13.
(አንባቢ ሆይ፣ ራስዎ ጽፈው ያምጡት፤ እኛ እንፈርማለን።)